ሳትጠይቀኝ

መጽሔቱን ያመጣው ምስማር ነው። ምስማር ከጎናችን የሚሠራ አናጺ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በገባበት ሁሉ ስለሚወጋ ነው። የሰው ገበና የሚመስል ነገር ካገኘ ምሳውን ትቶ ይሮጣል።

“ኧረ ተነስ አንተ! ታዋቂ ሰው ሆነህ ተንበርክከህ ትሠራለህ?”

አንድ ያረጀ ሶፋ ገልብጬ የጀርባውን ጨርቅ በጉጠት እየነቀልኩ ነበር። ታላቅ እህቴ በስፌት መኪናዋ የሌላ ሶፋ ሽፋን ትገጣጥማለች። ሥራችን ይኸው ነው፤ እኔ አፈርሳለሁ፣ እሷ ትሰፋለች።

“ምንድነው ደግሞ?” አለች እህቴ ቀና ሳትል።

“እታለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽን ዝም ብለሽ እንዳታዥው። በቀጠሮ ነው!” ብሎ መጽሔቱን ገልጦ በገለበጥኩት ሶፋ ላይ ዘረጋው።

የወሩ “ከድርም ከደጅም” ነበር። ገጹን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወሩን ሙሉ ከኢንተርኔትና ከመንገድ ላይ የተለቃቀመ አስገራሚ ነገር በየወሩ መጨረሻ የሚወጣበት ገጽ ነው። ከመካከሉ አንድ ፎቶ አለ። ምስማር ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ዜና አንባቢ ጀመረ።

“‘ቀኑን ሙሉ የሰው ሶፋ ሲያድስ የሚውል አንድ ባለሙያ እናውቃለን። የራሱ ቤት ወንበርስ ምን የሚመስል ይመስላችኋል? ይኸውላችሁ! ስፖንጁ አፍጥጦ፣ ጨርቁ ተበልቶ፣ አንድ እግሩ በጡብ ተደግፎ!’” ገጹን ወደታች ፈለገው። “አለቀ።”

ሽፋን ልትመርጥ የመጣች አንዲት ደንበኛ በጨርቁ ናሙና አፏን ሸፍና ሳቀች። “ታዲያ የኔንም እንደዚህ አድርገህ ነው የምትመልስልኝ?”

ምስማር ሳቀ። ደንበኛዋ ደግማ ሳቀች። እህቴ ግን መኪናዋን አቁማ ተነሳች፣ መጽሔቱን ከሶፋው ላይ አንስታ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

“ይሄ የአባባ ወንበር አይደለም እንዴ?”

የምስማር ሳቅ ተቋረጠ።

“ማን ነው እቤታችን ገብቶ ያነሳው?” አለች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ጥያቄዋንም አልደገመችውም። ሁለታችንም እናውቃለን። ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤታችን የገባ ሰው አንድ ነው። እኔ ነኝ ያስገባኋት።

ጉጠቱን አነሳሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። ጨርቁ አልነቀል አለኝ። ጨርቁን የያዘው ምስማር ሳይሆን እጄ ነበር እምቢ ያለው።

*

ያን ገጽ የምታዘጋጀው እሷ ናት።

የተዋወቅነው በእናቷ ሶፋ ነው። እናቷ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ወንድሟ መሐንዲስ ነው። ሶፋቸውን አፍርሼ ከስፕሪንጉ ሥር በወረቀት የተጠቀለለች የወተት ጥርስ አገኘሁ። ልትረከብ ስትመጣ በመዳፌ ዘረጋሁላት። አይታ አይታ፣ “ይሄ የኔ ነው! ጠፋብኝ ብዬ ስንት አልቅሼበታለሁ!” አለች። ትልቅ ሰው ስለ ጥርሷ እንደዚያ ስትደሰት አይቼ አላውቅም። “ሌላስ ምን ታገኛለህ?” አለችኝ። ነገርኳት። ማንኪያ የሌለበት ሶፋ የለም። ነጭ ፀጉር የቀረበት ማበጠሪያ፣ የማንም በር የማይከፍት ቁልፍ፣ በሰላም ጊዜ ተነስቶ በጸብ ጊዜ የተደበቀ ፎቶ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ትመጣ ጀመር። እኔ ከሶፋ ያወጣሁትን አሳያታለሁ፣ እሷ ከኢንተርኔት ያወጣችውን ታሳየኛለች። ዘይት ከመቀባቱ በፊት የየሰዉን በር ሲጢጥታ የምትቀዳ ሴት አለች አለችኝ። የትም የማያደርሱ ደረጃዎችን ካርታ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መንገድ ላይ የወደቀ አንድ እጅ ጓንት ብቻ ፎቶ የሚያነሳ ሰውዬም አለ። “ይሄኛው እብድ ነው” አልኳት። “አይደለም፣ ብቸኛ ነው” አለች። “ከድር የማገኘው ሰው ሁሉ ሩቅ ነው። አንተ የምታመጣልኝ ግን ሙቀቱ ገና አልወጣለትም።” ይህን ስትል ማንኪያውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። እንዲህ ያለ አስተያየት ሰው ላይ ሲጣል አይቼ አውቃለሁ፤ በኔ ላይ ሲሆን ግን ከኋላዬ የቆመ ሰው ያለ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

ብትወደኝም አላምናትም ነበር። እኔ የተናገሩኝን የምረሳ ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ማስቲሽ ስቀባ አምሽቼ ትምህርት ቤት ስገባ፣ መምህሩ “ይሸታል” ብሎ መስኮት አጠገብ ለብቻዬ አስቀመጠኝ። ክፍሉ በሙሉ አፍንጫውን ያዘ። ትምህርቱን የተውኩት ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ነው። መምህሩን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው አውቀዋለሁ፤ እሱ አያውቀኝም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ወንድሟም አለ። ሶፋቸውን ተሸክመን ስንደርስ በሩ ላይ ቆሞ፣ “በጓሮ በኩል አስገቡት፣ ሳሎኑ ተወልውሏል” አለን። ሶፋው እኮ የሳሎኑ ነው! በጓሮ ዞረን፣ በኩሽና አሹልከን፣ እዚያው የተወለወለው ሳሎን አስቀመጥነው። ቀድሞ የተቀመጠበት ደግሞ እሱ ነው።

ያም ሆኖ እሷን ቤቴ አስገባኋት። ዝናብ ነበር፤ ሱቁ ያፈሳል። ወንበሩን አየችውና፣ “ለምን አታድሰውም?” አለችኝ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእሷ ነገርኳት። አባቴም ሶፋ አዳሽ ነበር፤ “የሰው ይለቅና የኔን እሠራዋለሁ” ሲል የሰው ሳያልቅ እሱ አለቀ። ሬዲዮ የሚሰማው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ስለነበር ስፖንጁ ወደ ግራ ጎድጉዷል። “እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው ያለው። ስፖንጁን ከቀየርኩት አባቴ ይነሳብኛል” አልኳት።

ስልኳን አወጣች። “ለራሴ ነው” አለች፣ ፎቶ አነሳች።

ለራሴ ነው። ይህችን ቃል ነው አገሩ ሁሉ በእጁ ይዞ ሲስቅባት የዋለው።

*

ስልኬን አላነሳሁም። የላከችልኝን የድምፅ መልእክት አልከፈትኩም። አላፊ አግዳሚው “የጡቡን ዋጋ ስንት አልከን?” እያለ ያልፋል። ሶፋ ሊያሳድስ የመጣ ሰውዬ ወንበሩን ካላየሁ አልሰጥም ብሎ ቀለደ፤ ሂድ አልኩት፣ ሄደ። እህቴ ምንም አትለኝም፤ ማታ ራት ስታቀርብ ግን ወንበሩን ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። አባታችንን ያሳየብን እኔ ነኝ ማለቷ ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ መጣች። ከሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ሱቁ ውስጥ ገብቶ የስፖንጁ ብናኝ ይታያል። በሩ ላይ ቆመች።

“እንደምን ዋላችሁ” አለች።

እህቴ ጨርቅ ያልገባበት መኪና ታሽከረክራለች፤ ድምፁ ባዶ ነበር።

“ስልክህን ለምን አታነሳም?”

“ሥራ ላይ ነኝ።”

“እኔ እንደዚያ ብዬ አልጻፍኩም።”

“ፎቶውስ?”

“ፎቶው የኔ ነው።” ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። “ጽሑፉ ግን ረጅም ነበር። ሊታተም ሲል ማስታወቂያ መጣ። እኛ ጋ ቦታ ሲጠብ ከታች ነው የሚቆረጠው። ገጹ ላይ የሚደረድረው ልጅ ጽሑፉን አያነብም፣ ቦታው እስኪበቃው ከታች ይቆርጣል። ሁላችንም ስለምናውቅ ዋናውን ነገር ከላይ እናደርጋለን።”

“ታዲያ አንቺስ?”

“አባትህን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰው መጀመሪያ ይሳቅ፣ ከዚያ እሳቸው ጋ ሲደርስ በሳቁ ይፈር ብዬ። ‘ስፖንጁን ከቀየርኩት አባቴ ይነሳብኛል’ ያልከኝ የመጨረሻው መስመር ነበር።” ድምፅዋ ተሰበረ። “የዕለት ሥራዬ ነው እኮ። ሌላ ሰው ቢሆን አልሳሳትም። ስላንተ ስጽፍ ጠፋብኝ።”

ምስማር በግድግዳው ጠርዝ አንገቱን አስገባ። “ለመሆኑ ማስታወቂያው የምን ነበር?”

ወደ ምስማር ሳይሆን ወደ እኔ አየች።

“ንገሪና!”

“የአዲስ ሶፋ” አለች በቀስታ።

ምስማር ሳቁ አመለጠው። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ አንገቱን እንዳመጣው መለሰው።

“አንቺስ የት ነበርሽ ሲቆርጡት?”

“እቤት። ስላንተ ለእማዬና ለወንድሜ እየነገርኳቸው።”

የእህቴ መኪና ቆመ። እኔም ጉጠቱን አስቀመጥኩ። ልቤ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር፤ እግሬ ግን አልሄደም። የሆነ ነገር ያዘው።

“ሙሉው ቢወጣስ ኖሮ?” አልኳት። “ሁሉም መስመር፣ አባቴም ጭምር። ጠይቀሽኝ ነበር?”

የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

“ጠይቀሽኝ ነበር ወይ?”

“አልጠየቅኩህም።”

“ለምን?”

“እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።”

“እምቢ እንደምል አውቀሽ ነው ያደረግሽው ማለት ነው።”

“ወንድሜ እንዲያነበው ፈልጌ ነው!” አለች፤ አሁን እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። “‘ከሱ ጋር ቁጭ ብለሽ ምን ታወራለሽ?’ ይለኛል። ይሄን ነው የማወራው፣ እንደዚህ ያለ ሰው ነው ልለው ፈልጌ። ሰው እንዲያውቅህ…”

“ማስረጃ ፈለግሽልኝ።”

“አይደለም…”

“ሰው መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ። አባቴን አወጣሽና በወንድምሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽ።”

“እንደዚያ አትበል። እባክህ እንደዚያ አትበል።”

“ሂጂ” አልኳት።

የሰማች አልመሰለኝም። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ደጁ ላይ ያደረግኩትን የተፈታ ሶፋ እንዳትነካው ተጠንቅቃ አለፈች፤ ያን ያህል አዝና እንኳን ሥራዬን ተጠነቀቀችልኝ።

“ደስ ይበልህ” አለች እህቴ።

ሕይወቴን ሙሉ ሰው ሲያባርረኝ ኖሬያለሁ። ቤቴ ያስገባሁትን ሰው ማባረር ግን የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ደስ የሚል መስሎኝ ነበር። ከውስጤ አንድ ትልቅ ነገር ተነቅሎ፣ ቀዳዳው ብቻ ቀረ።

*

እናቷ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም።

ሲገቡ ምስማር መዶሻውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ግን ሳይነገርም ይታወቃል። እህቴ ፈጥና ካሉት ሁሉ ደህና የሆነውን ወንበር አራግፋ፣ “ይቀመጡ፣ እትዬ” አለች። ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ፤ በንቀት አልነበረም፣ በንቀት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

“ወንበሩን አሳየኝ ልልህ አልመጣሁም” አሉኝ። “ያየው ሰው ይበቃል።”

አንገቴን ደፋሁ።

“ልጄ ገጹን ለሌላ ሰው ስጡልኝ ብላለች። እህል አትቀምስም። ላንተ ስል አልመጣሁም፣ ለእሷ ነው።”

“እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?”

“እቤት ስለ አንተ የነገረችን ዕለት ደስ አላለኝም። አልዋሽህም። ለልጄ ያሰብኩት አንተን አልነበረም።”

“አውቃለሁ።”

“አታውቅም። ስማኝ።”

“ልሰማዎት ነው፣ ግን እርስዎም ይስሙኝ” አልኳቸው፣ ፊቴ ጋለ። “ልጅዎ በጓሮ በር አስገብቶኛል። የእርስዎን ሶፋ ተሸክሜ በኩሽና ነው የዞርኩት።”

“እሺ። ሌላስ?”

ሌላስ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። የመምህሩን ነገርኳቸው፤ የማስቲሹን፣ የመስኮቱን። “ሌላስ?” ባንክ በር ላይ ጥበቃው እኔን ብቻ ሦስቴ የፈተሸኝን። “ሌላስ?” አንዲት ደንበኛ የሰጠችኝን ውኃ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ከኋላዬ ስትጥለው ድምፁን የሰማሁትን። “ሌላስ?”

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልመጣልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩት ነገር፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሲሰማኝ፣ ሻይ ሳይፈላ አለቀ።

“ከዚህ ሁሉ ልጄ ያደረገችህ የቱ ነው?”

“ፎቶውን።”

“ፎቶውን” አሉ። “እሱን ከእሷ ጋር ጨርስ፤ አጥፍታለች፣ መቆጣት ይገባሃል። የመምህሩን፣ የጥበቃውን፣ የብርጭቆውን ግን ልጄ ጫንቃ ላይ አትጫን። እሷ አልበደለችህም። በጓሮ ያስገባህን ወንድ ልጄን ደግሞ ለኔ ተወው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም ከኔ አይርቅም።”

ተነሱ። ቀሚሳቸው ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነበር። አላራገፉትም፣ እንደያዙት ወጡ። ከሄዱ በኋላ እህቴ አጠገቤ መጥታ ትከሻዬን ነካች፤ ከአባታችን ቀብር ወዲህ እንደዚያ ነክታኝ አታውቅም።

“እኔም ተቆጥቻታለሁ” አለችኝ። “ግን ናፍቃኛለች።”

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እሷ ግን መናገር ቻለች።

*

ወደ መጽሔቱ ቢሮ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ንግግር አዘጋጀሁ። ጠበቃ ቢሰማው ይቀጥረኝ ነበር። ከመጀመሪያው በደል ይጀምራል፣ ወደ ፎቶው ይወርዳል፣ በይቅርታ ያበቃል፤ ይቅር ባዩም እኔ ነኝ።

በሩ ላይ ጥበቃው፣ “ማንን ነው?” አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድምፁን መዝኜ አስቀምጠው ነበር። “እሷን… የ‘ከድርም ከደጅም’ዋን” አልኩት። ሳቀና ደወለላት።

በደረጃው ወረደች። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ አስራዋለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ ቆመን፣ ሰው በመካከላችን ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ወረቀት ተሸክሞ “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያለ አለፈ።

“ምን ፈለግክ?” አለችኝ።

ያዘጋጀሁት ንግግር አንድ ቃል ሳይቀር ጠፋ።

“ጠይቂኝ” አልኳት።

“ምን ብዬ?”

“ያኔ ያልጠየቅሽኝን።”

የምቀልድባት መስሏት ነበር። እንዳልሆነ ሲገባት ሁለት እጇን አጣመረች፣ እንደ ተማሪ።

“የአባትህን ወንበር ፎቶ ላወጣው እችላለሁ?”

“አይሆንም።”

ዓይኗን ጨፈነች። “እሺ” አለች፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል። “አይሆንም ስትለኝ ሁሉም ነገር የሚያበቃ መስሎኝ ነበር እኮ የፈራሁት።”

“አበቃ?”

“አላውቅም። አንተ ንገረኝ።”

“ሌላ ጠይቂኝ።”

“ሌላ የለኝም።”

“አለሽ” አልኳት። “በድምፅ ልከሽልኛል። ትላንት ከፈትኩት።”

ሰው መውረዱን ተወ፤ ወይም ወረደ፣ እኔ አላየሁትም። አንድ ደረጃ ወረደች።

“እሑድ እቤት ምሳ ትመጣለህ?” አለች። ወዲያው ደግሞ ፈጠን ብላ፣ “እማዬ አለች፣ ወንድሜም አለ። ሊከብድህ ይችላል። እምቢ ብትል አልቀየምህም። እውነቴን ነው፣ እምቢ ማለት ትችላለህ።”

እምቢ ማለት ትችላለህ። እንደዚህ ያለኝ ሰው አልነበረም። በጓሮ ዙር፣ እዚያ ተቀመጥ፣ ፈትሹት፤ ሁሉም ትእዛዝ ነበር። አሁን ፈቃዴን የሚጠብቅ ሰው ፊቴ ቆሞ ትንፋሹን ይዟል። እምቢ ለማለት የሠለጠነ ምላስ ነው ያለኝ፤ እሺ የሚለውን ቃል ፈልጌ ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ።

“ብቻዬን አልገባም” አልኳት። “እስከ በሩ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅበትም። አንቺ ወጥተሽ እጄን ይዘሽ አስገቢኝ።”

ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም። የቀረውን ደረጃ ወርዳ፣ እሑድን ሳትጠብቅ፣ ማስቲሽ የደረቀበትን እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ከላይ ፎቅ አንድ ሰው ስሟን ይጣራል፣ አልመለሰችለትም።

እንባዬ መጣ። ማን አየኝ ብዬ ግን ዞር አላልኩም።